የኩላሊት እጥበት ሕመምተኛ የመርፌ ሥቃይና የእኛ የዕድርተኞች ድርሻ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ ጡረተኛ አባል የተሰጠ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዕድል ለሰጠኝ ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንደምታውቁኝ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የሥራ ዘመኔንም የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ኩላሊቱ ደክሞ አዲስ አበባ እጥበት በሚያደርግበት ጊዜ አስታማሚ ሆኜ ብዙ ወራት አብሬው ስለተቀመጥኩ፣ ያን ጊዜ ከሲስተሮችና ከሐኪሞች የሰማሁትን፣ በኋላም ጠይቄና አስነብቤ ያረጋገጥኩትን ላካፍላችሁ ነው የቆምኩት። የምናገረው ሁሉ ሰው ሐኪሙን እንዲጠይቅ ለማንቃት ነው እንጂ ሐኪሙን እንዲተው አይደለም። ይኼ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ርእሴ መርፌ ነው። ስለ ኩላሊት በሽታ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። ልክ ነው፣ ገንዘቡ ከባድ ነው። ስለ መርፌው ግን ማንም አያነሳም። ሕመምተኛውም «በመርፌ ፈራ» እንዳይባል አፍኖ ይይዘዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ የተደበቀ ሥቃይም ማቃለያ አይገኝለትም። ማቃለያው ግን አለ፤ አብዛኛውም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንረዳ። ኩላሊት ደማችንን ቀንና ሌሊት የሚያጣራ የሰውነት ክፍል ነው። ቆሻሻውንና ትርፍ ውኃውን በሽንት ያስወጣል። በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊት ወይም በሌላ ምክንያት ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ቆሻሻውና ውኃው በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ምግብ ያስጠላል። እንግዲህ የኩላሊት እጥበት የሚባለው ደሙን በቱቦ ወደ ማሽን አውጥቶ፣ አጣርቶ፣ መልሶ ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። በደንቡ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአገራችን ብዙዎች በገንዘብ እጥረት ምክንያት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያደርጋሉ።

በእያንዳንዱ ቀን ሁለት መርፌ ክንድ ላይ ይገባል፤ አንዱ ደም ያወጣል፣ ሌላው ይመልሳል። እኔ ጸሐፊ ነኝና ሒሳቡን ሠራሁት። ሁለት መርፌ በሦስት ቀን ስድስት ነው። ስድስት በ52 ሳምንት ሲባዛ 312 ይሆናል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚያደርግ ሰው እንኳ በዓመት 208 ነው። ይህ እንግዲህ መርፌው ደም ሥሩን ስቶ እንደገና የሚወጋው ሳይቆጠር ነው። መርፌውም ለወባ ወይም ለክትባት የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የሚያህል ደም ስለሚስብ መርፌው ወፍራም መሆን አለበት። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ነው። እስቲ ማናችን ነን ይህን በዓመት 312 ጊዜ «ምንም አይደል» ብለን የምንቀበለው?

የባለቤቴ ወንድም ደፋር ሰው ነበር። በወጣትነቱ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ እጁ ሲሰበር አላለቀሰም። በመርፌው ግን ተሸነፈ። ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ ያጣል፤ ጠዋት «ዛሬ ደህና ነኝ፣ አልሄድም» ይላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ቀን እግሩ አብጦ፣ ጋደም ማለት አቅቶት፣ ቁጭ ብሎ ሲያቃስት አደረ። በታክሲ ነው ያደረስነው። የመርፌ ፍርሃት ቀላል ነገር አለመሆኑን ያወቅኩት ያን ሌሊት ነው። ሰው መርፌውን ሸሽቶ እጥበቱን ከተወ ውጤቱ ሞት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ድንኳን ተካዩ የእኛ ዕድር ነው።

አሁን ስለ ክንዱ ልናገር። ይህ ሕክምና ሲጀመር እንዲህ የተሟላ አልነበረም። ኮልፍ የተባለ የሆላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ለቋሊማ መጠቅለያ በሚሆን ሴሎፋን ደም የሚያጣራ ማሽን ሠራ። ችግሩ በያንዳንዱ እጥበት አዲስ ደም ሥር መቅደድ ስለሚያስፈልግ የሕመምተኛው ደም ሥር ቶሎ ማለቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ስክሪብነር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከቆዳ ውጭ የሚቀመጥ ቋሚ ቱቦ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በኒው ዮርክ ብሬሽያ፣ ቺሚኖና አፔል የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ዛሬ ድረስ የሚሠራበትን ዘዴ አስታወቁ። ይኸውም በክንድ ውስጥ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀዶ ጥገና ማገናኘት ነው። ደም ቅዳው ኃይለኛ ደም ስለሚልክበት ደም መልሱ ይወፍራል፣ ቆዳውም ላይ ጎልቶ ይታያል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። በጣት ሲነካ እንደ ድመት ማንኮራፋት ይንዛል። እስኪበስል ድረስ ስድስት ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ጥቂት ወራት ይፈልጋል።

በአገራችንም ለቆየ የኩላሊት ድካም የሚደረገው እጥበት እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ በቅዱስ ገብርኤል ሆስፒታል ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ንቅለ ተከላ ያገኘ ሰው ከመርፌው ይገላገላል። ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድና አቅም እስኪገኝ ግን የሕመምተኛው ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያች ክንድ ላይ ነው።

«ታዲያ መርፌውን ከምንወጋ በአንገት በኩል ቱቦ ቢገባልን አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። በርግጥ በአንገት ወይም በደረት በኩል የሚገባ ቱቦ አለ፤ እጥበቱ አስቸኳይ ሲሆን የሚጀመረውም በዚያ ነው። በየጊዜው መርፌ ስለሌለው ሰው ይወደዋል። ነገር ግን በቱቦው በኩል ጀርም በቀጥታ ወደ ደም ስለሚገባ ለሕይወት አስጊ የሆነ ኢንፌክሽን ያመጣል። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ሐኪሞች የሚመርጡት ፊስቱላውን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመርፌው መሸሽ ሳይሆን መርፌውን ማለስለስ ነው። እንዴት? አንድ በአንድ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ የማደንዘዣ ቅባት አለ። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የተባሉ መድኃኒቶች የተቀላቀሉበት ሲሆን ኤምላ በሚል ስም ይታወቃል። መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ወፈር ተደርጎ ይቀባል፣ በላዩ ላስቲክ ይሸፈናል፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልክ ሊወጋ ሲል ቀብቶ «አልሠራም» ይላል። ከመወጋቱ በፊትም ቅባቱ በደንብ ተጠርጎና ታጥቦ፣ ቆዳው በጀርም መግደያ መጽዳት አለበት። በቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባም። በየፋርማሲው ላይገኝ ስለሚችልና ለአንዳንድ ሰው ስለማይስማማ፣ ሐኪም ሳያዝ አይገዛ።

ሁለተኛ፣ በረዶ ነው። ይኼ የድኃ መድኃኒት ነው። ትንሽ በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፊስቱላ በሌለበት እጅ ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ማሸት ነው። መርፌው ከመግባቱ አሥር ደቂቃ ያህል በፊት ይጀመራል፣ ሲገባም ይቀጥላል። «መርፌው በግራ፣ በረዶው በቀኝ፣ ምን ያገናኘዋል?» ብዬ ነበር እኔም። በሕንድ አገር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጽሑፍ በዚህ መንገድ የመርፌው ሕመም መቀነሱን ያሳያል። አንጎላችን ቅዝቃዜው ወደሚሰማው ቦታ ሲዞር የመርፌው ስሜት ይደክማል ነው የሚሉት። ስኳር ያለባቸውና እጃቸው የደነዘዘ ሰዎች ግን በረዶው ሳይታወቃቸው ቆዳቸውን እንዳይጎዳው ይጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ ትንፋሽ ነው። ሰው ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፣ ክንዱንም ያጠነክራል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ስቦ፣ መርፌው ሲገባ በአፍ ረዘም አድርጎ ማውጣት ይጠቅማል። አንዲት ሲስተር «ጋሼ፣ የሞቀ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው እፍ በሉ» ትለው ነበር። ያን ጊዜ ሳቅ ይልና መርፌው ሳይታወቀው ይገባ ነበር።

አራተኛ፣ ጨዋታ ነው። ቀልብን ከመርፌው ማንሳት ሕመምን እንደሚቀንስ በብዙ አገር ተጠንቷል። ሙዚቃ፣ መንዙማ፣ መዝሙር፣ የሬዲዮ ወሬ፣ ወይም አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ማሽላውና ስለ ቡናው የሚያወራው ሰው ቢኖር ይበቃል። ልብ በሉ፣ ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ የሚወጋበትን ቦታ የሚመለከት ነው። ሲስተሯ ቦታውን በየተራ፣ እንደ መሰላል ደረጃ ከፍ ዝቅ እያደረገች ብትወጋ ደም ሥሩ ያገግማል። ሁልጊዜ አንድ አካባቢ ብቻ ከተወጋ ደም ሥሩ ይለጠጥና እንደ እብጠት ይወጣል፤ ቆዳውም ይሳሳል። ሕመምተኛውም «እዚያው ላይ ውጉኝ፣ ደንዝዟል» እያለ ያስቸግራል። ከዚህ የተለየ ሌላ ዘዴም አለ። ቱዋርዶቭስኪ የተባለ የፖላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ አንዲት ቀዳዳ ላይ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ማዕዘን ደጋግሞ በመውጋት እንደ ጆሮ ጌጥ ቀዳዳ መንገድ እንደሚበጅ አሳወቀ። ቀዳዳው ከተበጀ በኋላ ደነዝ መርፌ ስለሚበቃ ለብዙዎች ሕመሙ ይቀንሳል። ዳሩ ግን ንጽሕናው ትንሽ ከጎደለ ኢንፌክሽኑ ከሌላው የበለጠ ስለሆነ፣ በደንብ የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ አይሞከርም። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ሕመምተኛው ግን የመጠየቅ መብት አለው። «ሲስተር፣ ባለፈው የት ነበር? ዛሬስ የት ነው?» ማለት ድፍረት አይደለም።

ስድስተኛ፣ ክንዱን መጠበቅ ነው። ጤነኛ ፊስቱላ በቀላሉ ስለሚወጋ ሕመሙም ያንሳል። በዚያ ክንድ ላይ የደም ግፊት አይለካም፣ ለምርመራ ደም አይቀዳም፣ ግሉኮስ አይተከልም። በላዩ አይተኛም፣ ከባድ ዕቃ አይሸከምም፣ ጠባብ ሰዓት ወይም አምባር አይታሰርም። ከእጥበት በፊት በሳሙና ይታጠባል። መርፌው ሲወጣ ደሙ እስኪቆም በልክ ተጫን እንጂ በኃይል አይደፈን፤ የደረቀው ቅርፊትም አይላጥ። ንዝረቱን በየጠዋቱ በጣት መዳሰስ ነው። ንዝረቱ ከጠፋ ነገ ሳይባል ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቦታው ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለም እንዲሁ። ቤት ከገባ በኋላ ደም ቢፈስ በንጹሕ ጨርቅ ቀዳዳው ላይ በጣት ተጭኖ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ ሳይለቁ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

እዚህ ላይ ገና እጥበት ላልጀመሩም አንድ ቃል አለኝ። ኩላሊቱ እየደከመ መሆኑ የተነገረው ሰው፣ ብዙ የማይሠራበትን እጁን ደም ሥር ከአሁኑ ይቆጥብ። ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ከእጄ ጀርባ ላይ ቅዱልኝ» ይበል። ያ ደም ሥር ነገ የሚኖርበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ በማሽኑ ላይ ስላሉት አራት ሰዓቶች። ደሙ ወጥቶ ሲመለስ ሰውየውን ይበርደዋል፤ ስለዚህ ጋቢ ይያዝ፣ ፊስቱላውን ግን ሲስተሯ እንድታየው ሳይሸፍነው ይተወው። ባት ወይም እግር ሲጨብጠው፣ ራሱን ሲያዞረው፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ቶሎ ይናገር። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማሽኑ በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ሲያወጣ ነው። ብዙ ውኃ የሚወጣውም በመካከሉ ባሉት ቀናት ብዙ ስለተጠጣ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ማንሳት ግድ ነው። እኛ የሐረርጌ ሰዎች ሆጃ እንወዳለን፣ ጨውም እንጨምርበታለን። ሆጃውም፣ ሻዩም፣ ቡናውም፣ ሾርባውም ከውኃ ይቆጠራል። ጨው ደግሞ ጥም ያመጣል። ጫትም አለ። የገለምሶውና የበደሳው ሰው ቅር አይበለኝና፣ ጫት የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ አፍ ያደርቅና ከቀትር እስከ ማታ ውኃ ያስጠጣል። ጤነኛ ሰው በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊቱ የቆመ ሰው ግን የጠጣው ሁሉ እዚያው ይቀመጥና በማሽኑ ላይ ቁርጥማት ሆኖ ይመጣበታል። ስለዚህ አብረን ስንቅም «አንዲት ብቻ ያዝ፣ ምን ይልሃል» ብለን የምናባብል ከሆነ ወዳጅነታችን አልጠቀመውም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲምና ድንችም በብዛት ሲበሉ ልብን የሚጎዳ ፖታሲየም የሚባል ነገር ስላላቸው መጠናቸውን ሐኪሙን ይጠይቅ። «በሽተኛ ነው» ብለን ብርቱካን በኪሎ ይዘን የምንሄደው ጠያቂዎችም ይህን እንወቅ።

የተከበራችሁ አባሎች፣ የቀረኝ የእኛ ድርሻ ነው።

ከቦኬ ተነሥቶ እጥበት የሚያደርግ ሰው በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ተመላልሶ አይችለውም። ከጭሮ አዲስ አበባ ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ቤቱን ዘግቶ፣ ከብቱን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። አንድ አስታማሚም ከሥራው ተፈናቅሎ አብሮት ይቀመጣል። በእኛ አገር ዕድርም ይባል አፎቻ፣ የተቋቋመው ሰው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ደንባችን ግን ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ሲሞት ነው። የባለቤቴ ወንድም ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዕድራችን ድንኳን ተክሎ፣ እንግዳ አስተናግዶ፣ ሦስት ቀን አብሮን ተቀምጦ በክብር ሸኝቶታል። ውለታውን አልረሳም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በመርፌ ሲሠቃይ በነበረበት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጫውተው ሰው የምናሰማራበት አንቀጽ በደንባችን ውስጥ አልነበረም። አሁንም የለም። ከመካከላችን ደግሞ ዛሬ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ስንት እንደሆነ ሁላችሁም ዙሪያችሁን ተመልከቱ።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ፤ ጉባኤው ተወያይቶ በቃለ ጉባኤ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ።

1ኛ. የእጥበት ሕመምተኛ የሆነ አባልና አስታማሚው፣ ከቀብርና ከስብሰባ ቢቀሩ የቅጣት ገንዘብ እንዳይጻፍባቸው። ዛሬ ባለው ደንብ በማሽን ላይ የተኛ ሰው ከቀብር ስለቀረ ይቀጣል፤ ይኼ አግባብ አይመስለኝም።

2ኛ. ለንግድም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ እጥበቱ ወዳለበት ከተማ የሚሄዱ አባሎች በተራ ተመዝግበው፣ አንድ ቀን እንኳ ከሕመምተኛው ጋር እንዲውሉና አስታማሚውን እንዲያሳርፉ። የተራውን መዝገብ እኔ ለመያዝ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሥራዬ የነበረው መዝገብ ነውና።

3ኛ. ለመጓጓዣና ሐኪም ላዘዘው የማደንዘዣ ቅባት የሚሆን ትንሽ መዋጮ ከቀብሩ ሣጥን ተለይቶ እንዲያዝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ከደንቡ ውጭ ደግሞ እያንዳንዳችን ዛሬውኑ የምንጀምረው አለ። ለእጥበት ሕመምተኛ «አይዞህ» እንበል እንጂ «ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ፣ ቻለው» አንበል። «መርፌው እንዴት ነበር? ቅባቱን ሰዓቱን ጠብቀህ ተቀባህ? ንዝረቱን ዳሰስክ?» ብለን እንጠይቀው። ሰው ሥቃዩን የሚያውቅለት ሲያገኝ በሚቀጥለው ቀን ለመሄድ ጉልበት ያገኛል። እጥበቱን ካላቋረጠ ደግሞ ብዙ ዓመት አብሮን ሊኖር ይችላል።

ፈጣሪ በሕመም ላይ ያሉትን ይማርልን፣ ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ ዕድራችንንም ያጽናልን።